ሞድራ ለኩዝማ የወጣች ዕለት

ሰው ሁሉ ባርባ፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ እያለ የሚጠራው ኩዝማ ገደ ቢስ መሆኑን በሎቫርዳ ደሴት የማያውቅ የለም። እሱም አይክድም። ካርታ ሲጫወት የሚደርሰውን ካርታ ለጠላት እንኳ አይመኙትም። ቡራ የሚባለው የክረምት ነፋስ ሲነሣ፣ ከወደቡ ሰው ሁሉ መርጦ ባርኔጣ የሚነጥቀው የእሱን ነው። ወጣት ሳለ ዓለምን አያለሁ ብሎ በጭነት መርከብ ወጥ ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ ወደብ በደረሱ ቁጥር ግን ሽንኩርት የመላጥ ተራ የእሱ እየሆነ፣ ከዓለም አይቶ የተመለሰው ሽንኩርቱን ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ደሴቲቱ ላይ እንደ እሱ የሚስቅ ሰው የለም። «ገዴን ሁሉ ዶብሪላን ሳገባ ጨርሼዋለሁ» ይላል። ሚስቱ ዶብሪላ ይህን ስትሰማ «በዕጣ ቢሆን ኖሮ እኔም ለሌላ በደረስኩ ነበር» ትለዋለች።

በዓመት አንድ ቀን ግን ገደ ቢስነቱ ያንገበግበዋል። እሱም በቅዱስ ማርቆስ ዕለት ነው።

በዚያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ዓሣ አጥማጆቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰብስበው የዓመቱን ማጥመጃ በዕጣ ይከፋፈላሉ። አሥር ጀልባ አለ፤ አሥር ወሽመጥ አለ። ለእያንዳንዱ ወሽመጥ ምልክቱ የተቀረጸበት አንድ ቡሽ አለ። ቄሱ ዶን ፍራኔ ቡሾቹን ከሸራ በተሰፋ ከረጢት ከትተው ይነቀንቃሉ፤ ሰዉም በየተራ እጁን ይሰዳል። የወጣልህ ቡሽ እስከሚቀጥለው ማርቆስ ኪስህ ውስጥ ይከርማል። የወሽመጡ ጌታ አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው እዚያ መረብ ከጣለ ከዚያ በኋላ ወደቡ ላይ ሰላም የሚለው አያገኝም።

ሌላም ደንብ አለ። እጅ ከረጢቱ ውስጥ እያለ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ድሮ አባቶች «መልካሟ ከወጣችልኝ ለቤተ ክርስቲያኑ መብራት የዓመት ዘይት እሰጣለሁ» ብለው የሚሳሉት በዚያች ቅጽበት ነበርና፣ ቃሉ እንደ ስለት ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሉም እጁን ሲሰድ አፉን ይዘጋል። ከባልዶ በቀር። ባልዶ አፉን የሚዘጋው ሲያኝክ ብቻ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ አይደለም።

ከአሥሩ ወሽመጦች መልካሟ፣ ቡሿ ላይ ዓሣ የተቀረጸላት ሞድራ ናት። ከነፋስ የተጠለለች፣ ታቿ በባሕር ሣር የተሸፈነ፣ ኦራዳ የምትባለው ወፍራም ዓሣ የምትወዳት ወሽመጥ። ኩዝማ በተወለደበት ዓመት ለአባቱ የወጣችው እሷ ነበረች። እናቱ «ያን ዓመት ጡቴን የሞላው የሞድራ ኦራዳ ነው» እያለች አሳድጋዋለች። ጀልባውን ከአባቱ ከወረሰ ወዲህ ግን ሞድራ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣችለትም። የምትወጣለት ሱሃ ናት። ሱሃ ማለት ደረቅ ማለት ነው፤ ስም አውጪው አልዋሸም። ሱሃና ሞድራን የሚለየው ወደ ባሕር የወጣ አንድ አለት ብቻ ስለሆነ፣ ኩዝማ ባዶ መረቡን ሲስብ ከአለቱ ወዲያ ሰዎች በከበደ መረብ ሲራገሙ ይሰማል። በዚህ ዓለም የእሱ ምኞት አንድ ቀን በከበደ መረብ ሞድራ ላይ ቆሞ መራገም ነበር።

እንግዲህ ኔዳ የምትባለዋ የባሕር ተመራማሪ ከዋናው ምድር የመጣችው ይህ ምኞት ገና ሳይሞት ነው። ከሱሃም ከሞድራም የሚወጣው ዓሣ እያነሰ፣ ሞድራም ስሟ እንጂ ግብሯ እየቀረ በሄደበት ጊዜ። ልጅቷ ሰዉን ተማሪ ባጣው ትምህርት ቤት ሰብስባ ያለችው አጭር ነበር፦ ሞድራ ዓሣ የሚራባባት ስለሆነች ብትዘጋ፣ ከጊዜ በኋላ የሚተርፈው ዓሣ ወደ ሌሎቹ ወሽመጦች ይወጣል፤ መንግሥት ግን እናንተ ሳትስማሙ አይዘጋትም።

ባልዶ ተነሣ። «የኔ ልጅ፣ ሒሳብ ተምረሻል አይደል? አሥር ጀልባ አለን። ሞድራ ከተዘጋች ዘጠኝ ቡሽ ነው። አሥረኛው ምን ይብላ?»

ኔዳ ፊቷ ቀላ። «እሱን እናንተው ናችሁ የምታውቁት» አለች። የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም። ኩዝማ የወደዳት ለዚህ ነው።

በማግስቱ በጀልባው ወደ ሞድራ ወሰዳት። ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ውኃው ላይ አስቀምጣ «ይመልከቱ ባርባ ኩዝማ» አለችው። ጀልባው ጠርዝ ላይ በሆዱ ተኝቶ አየ። ሣሩ እንደ ጥንቱ ለምለም ነው። በሣሩ መካከል የሚርመሰመሱት ግን ከጣት የማይበልጡ ግልገሎች ብቻ ናቸው፤ ትልቅ የሚባል አንድም የለም። እናት የሌለበት ቤት ልጆች ብቻቸውን ሲጫወቱ ያየ መስሎት ሆዱ ባባ።

ወደቡ ሲደርስ ቡና ቤቱ በር ላይ ለተቀመጡት ሁሉ «እንዝጋት» አለ።

ሳቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ። ባልዶ ዓይኑን እየጠረገ «ያልደረሰህን ብትዘጋ ምን ይቆጭሃል ኩዝማ! እኔም እኮ የጎረቤቴን ወይን ጠጅ መተው አይከብደኝም» አለው።

ኩዝማ አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ሳቁ ለቀቀው። ቃሉ አንጀቱ ውስጥ ገብቷል። እውነት ቢሆንስ? የሰው ነገር መተው ስለሚቀል ብቻ ደግ ሆኖ እንደሆነስ? ዶብሪላ ቆስጣ በድንቿን አቅርባ ፊቱን አየችና «ምን ሆነሃል፣ መረብ ውስጥ እንደገባ ሸርጣን የምትቁለጨለጨው?» አለችው። «ምንም» አለና በላ።

የቅዱስ ማርቆስ ዕለት ደረሰ። ዶን ፍራኔ ከረጢቱን ነቀነቁ። ባልዶ ተራው ሲደርስ እጁን ሰደደ፤ እንደ ልማዱም አፉን ከፈተ።

«ስሙኝ! ዛሬ ሞድራ ለኩዝማ ከወጣች እንዘጋታለን!»

ሰዉ ሳቀ። «አሜን!» ያለም አለ። አንዲት አሮጊት አማተበች። ባልዶ ቡሹን አወጣ፤ ጥሩም መጥፎም ያልሆነች ወሽመጥ ነበረች። ከሦስት ሰው በኋላ የኩዝማ ተራ ሆነ። እጁን ሰደደ፤ የመጣለትን ያዘ፤ ሳያየው ለዶን ፍራኔ ሰጠ። ሱሃን ለማየት ምን ያስቸኩለዋል?

ዶን ፍራኔ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ቡሹን ገለበጡት። መልሰው ገለበጡት። ከዚያ ወደ ሰዉ አዞሩት። ቡሹ ላይ ያለው ምልክት ዓሣ ነበር።

በሎቫርዳ አደባባይ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት የተሰማው ቀብር ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኸ።

«ቀልዴን እኮ ነው!» አለ ባልዶ።

«እጅህ የት ነበር?» አሉት ዶን ፍራኔ።

«እጄማ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ አፌ ግን ውጭ ነው!»

«አፍህ ሁልጊዜም ውጭ ነው፤ እኔ የምጠይቅህ ስለ እጅህ ነው።»

ጭቅጭቁ ፀሐይዋ እስክትከር ዘለቀ። አንዱ «ባልዶ ስለ ራሱ እንጂ ስለ እኛ መማል አይችልም» አለ። ሌላው «አንተም አሜን ብለሃል፣ ሰምቼሃለሁ» አለው። መጨረሻ ላይ ባልዶ ራሱ መውጫ አገኘ። «ደህና! ሞድራ ዘንድሮ የኩዝማ ናት። እዘጋለሁ ካለ ራሱ ይዝጋ። እስከሚቀጥለው ማርቆስ አንዲት መረብ ሳይጥል ከከረመ፣ እኔም ቃሌ ቃል ነው። አንዲት መረብ ከጣለ ግን ወሬው ሁሉ አበቃ፤ የኔዳን ነገር ሁለተኛ እንዳትነግሩኝ።»

ሁሉም ተስማማ። ተራው ለኩዝማ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የለመናት ወሽመጥ ኪሱ ውስጥ ናት፤ እንዳይነካትም አፉን ከፍቶ የለመነው እሱ ራሱ ነው። ገደ ቢስ የሚባለው እንዲህ ነው።

ቤት ሲገባ ዶብሪላ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ሎቫርዳ ላይ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይገባል።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሱሃን ባዶ መረብ ስታሳጥበኝ ኖረህ» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ዛሬ ሞድራ በእግሯ መጥታ በሩን ስታንኳኳ ዝግ ነው ልትላት ነው?»

«አልወሰንኩም።»

«አልወሰንኩም ይላል! ፊትህ እኮ ወስኗል። አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።»

በማግስቱ ማልደው አብረው ወጡ። ኩዝማ መረቡን ጀልባው ላይ ሲጭን ዶብሪላ ቆማ አየችው። እሱም «ለማየት ብቻ ነው» አለ፤ ለማየት መረብ ምን እንደሚያደርግ ግን አልተናገረም። አለቱን አልፈው ሞድራ ሲገቡ ሞተሩን አጠፋ። ውኃው ጸጥ ብሏል። አባቱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ። መረቡን አነሣ፤ ተንሳፋፊ ቡሾቹና የእርሳስ ማስመጫዎቹ እጁ ላይ ተንኳኩ። አንዴ ብቻ ቢጥል ማን ያያል? ባሕሩ ባዶ ነው። የዓሣው ነገር እንኳ ይቅር፤ እዚህ ቆሞ መረብ መጣል ምን እንደሚመስል ብቻ ቢያውቅ።

ዶብሪላ ከኋላው ተቀምጣ ዳቦ ትቆርሳለች። «ጣላ» አለችው። «ምን ትጠብቃለህ? እኔ አልናገርም።»

ኩዝማ ዞሮ አያት። ትጫወትበት ይሁን ከልቧ ይሁን አለየለትም። ካገባት ጀምሮ ለይቶለት አያውቅም።

«ከጣልኩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባልዶ እውነቱን ነው ማለት ነው። ሳይደርሰኝ ነው ደግ የነበርኩት።»

መረቡን አስቀመጠው። ያን ጊዜ እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። ዶብሪላ ዳቦውን ከጨው ሰርዲን ጋር ሰጠችውና ጎኑ ተቀመጠች። «እኔም ብትጥል ኖሮ ወደ ባሕሩ ልገፈትርህ ነበር» አለች። ያን ቀን ሞድራ ላይ ቁጭ ብለው ሲበሉ፣ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ዋሉ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ወደቡ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዓሣ ይዘው እንደሆነ ለማየት አንገታቸውን ወደ ጀልባቸው አሰገጉ።

በጋው ረጅም ነበር። ጀልባ አለ፤ ማጥመጃ የለም። ኩዝማ የሰው ወይራ ይገርዛል፣ የሰው ጀልባ ይቀባል፣ ማታ ቆስጣ ይበላል። ሰኞ ቆስጣ በድንች፣ ማክሰኞ ድንች በቆስጣ። «እንዲህ ከቀጠለ ቅጠል ያበቅልብኛል» ይል ጀመር። ቡና ቤት ሲያልፍ «ባርባ ኩዝማ፣ የሞድራ ኦራዳዎች ሰላም ብለውሃል!» ይሉታል። እሱም «ደርሶኛል፤ እናንተን ግን አናውቅም ብለዋል» ይላቸዋል።

አንድ ማለዳ በሩን ሲከፍት ደፉ ላይ ባልዲ ቆሟል። ባልዲው ውስጥ ትኩስ ሰርዲን። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ባልዲ፤ አሁን ደግሞ ኦክቶፐስ። ዶብሪላ ብሩዴት የሚባለውን የዓሣ ወጥ ሠራችና ድስቱን እየጠረጉ «ቅዱስ ማርቆስ ይሆን?» አለ ኩዝማ።

«ቅዱስ ማርቆስ ሲሄድ አያስልም» አለች። «ይኼኛው ያስላል።»

በሚቀጥለው ጊዜ ኩዝማ በሩን ከፈት አድርጎ ከኋላው ቆመ። ሳሉ መጣ፤ ባልዲ የያዘ እጅ ብቅ አለ፤ ኩዝማ እጁን ያዘ። ባልዶ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደፍ ላይ ተፋጠጡ።

«ለድመትህ ነው» አለ ባልዶ።

«ድመት የለኝም።»

«እንግዲያ ግዛ! እኔ ምን ቸገረኝ!» አለና ባልዲውን ጥሎለት ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ሄደ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ዞረና «እውነት አንዲትም አልጣልክ?» አለው።

«አንዲትም።»

ባልዶ ራሱን ነቀነቀ። «ጅል» አለ፤ ድምፁ ግን የስድብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የባልዲው ባለቤት ባልዶ ብቻ አልሆነም። ክረምት ሲገባ ባልዲው ተራ ይዞ ከዘጠኙም ቤት መምጣት ጀመረ፤ ስለ ነገሩ ግን ማንም ማንንም አላነጋገረም።

የቀጣዩ ማርቆስ ዕለት ኩዝማ ቡሹን ከኪሱ አውጥቶ ለዶን ፍራኔ መለሰ። ዓመት ሙሉ ሲዳብሰው ስለከረመ የዓሣው ምልክት ለስልሷል። ሁሉም ወደ ባልዶ ዞረ። ባልዶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ፈለገ።

«ቃሌ ቃል ነው» አለ። «አሥረኛው ምን ይብላ ብዬ ነበር። ይኸው በልቶ ከረመ። ቡሹ ከረጢቱ ውስጥ ይግባ። ሞድራ የወጣችለት አያጠምድባትም፤ ይጠብቃታል። ዘጠኛችን በየተራ ባልዲ እናደርስለታለን። እንደ ዓምናው።»

እንደ ዓምናው ሲል ዘጠኙም መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ አንድ በአንድ እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ እየሰደዱ «እጠብቃለሁ፣ አደርሳለሁ» አሉ። ኔዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ መሐረቧን ፈልጋ ስታጣ ዶብሪላ የራሷን ሰጠቻት።

ዕጣው ሲወጣ ለኩዝማ የደረሰችው ሱሃ ናት። ሳቁ አደባባዩን አናወጠው፤ እሱም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ቀጥ አለ፤ ቀጥሎ የሰደደው ባልዶ የያዘው ቡሽ ላይ የለሰለሰ ዓሣ ነበር።

ባልዶ ቡሹን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ኪሱ ከተተና አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ። ባልዶ ዝም ማለቱ ሁሉንም አስፈራ። ዶብሪላ እንኳ «መማሉን ምሏል፤ ይችለው ይሆን?» አለች። ባልዶ ቃሉን ካጠፈ የሌሎቹም ቃል አብሮ ይፈርሳል፤ እሱ የከረመበት ዓመትም መና ይቀራል።

በሳምንቱ ኩዝማ ሱሃ ላይ የመጀመሪያ መረቡን ሳበ። ቀስ ብሎ ነበር የሳበው፤ ሱሃ ምን ያስቸኩላል? መረቡ ግን ከበደው። ሦስት ወፋፍራም ኦራዳዎች። ኔዳ አንድ ዓመት ለባሕር ምንም አይደለም፣ ቶሎ አትጠብቁ ብላ አስጠንቅቃለች፤ ምናልባትም አጋጣሚ ይሆናል። ኩዝማ ግን አጋጣሚ ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠውም። ሱሃ ላይ ቆሞ እስኪበቃው በደስታ ተራገመ። ከዚያ የመጀመሪያው ባልዲ ተራ የእሱ ነበርና፣ ትልቋን መርጦ ባልዲ ውስጥ ከተተና ወደ ባልዶ ቤት ሊሄድ ወደቡ ገባ።

የባልዶ ጀልባ ቦታዋ ላይ የለችም።

ኩዝማ ባልዲውን እንደያዘ ተመልሶ ጀልባው ላይ ዘለለ፤ በሞተሩ አቅም ሁሉ ወደ ሞድራ ነዳ። አለቱ ጋ ሳይደርስ የባልዶን ጩኸት ሰማ። መረብ ከብዶት እየተራገመ መሰለው። «ወይ ባልዶ» አለ ለብቻው።

አለቱን ሲያልፍ አየ። አንድ ነጭ የቱሪስት ጀልባ ወሽመጡ መካከል ቆሟል። ባልዶ ከፊቱ በራሱ ጀልባ ላይ፣ የኔዳን ባለ መስታወት ባልዲ በአንድ እጁ፣ ቡሹን በሌላው ይዞ ቆሞ ይጮኻል፦ «ዝግ ነው! አይገባህም? መልሕቅህን አንሣ፣ ሣሩን ነቀልከው እኮ! ቡሹ እኔ ጋ ነው! እየው፣ ቡሹ!»

እንግዶቹ የቡሹን ነገር አልተረዱም፤ የባልዶን ፊት ግን ተረድተው መልሕቃቸውን አነሡ። ባልዶ እስኪርቁ በዓይኑ ሸኝቷቸው ዞር ሲል ኩዝማን አየ። የባልዶ ጀልባ ላይ መረብ የለም፤ ሽታው እንኳ የለም።

«ከማርቆስ ጀምሮ እዚህ ነው የምውለው» አለ ባልዶ። «ና እስቲ በመስታወቱ እይ። ከዚያች ድንጋይ ሥር አንዲት ትልቅ አለች። እኔን ለምዳኛለች መሰለኝ።»

ኩዝማ ጀልባውን አስጠጋ። ባልዲውን አሻግሮ ሰጠው። ባልዶ ወደ ውስጥ አየ።

«ኦራዳ! ከየት?»

«ከሱሃ።»

«ሱሃ? ኦራዳ?» ባልዶ አለቱን አየ፣ ሞድራን አየ፣ ባልዲውን አየ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ምን ላድርጋት?»

«ለድመትህ ነው» አለው ኩዝማ።

ማታ ዶብሪላ ሁለቱን ኦራዳዎች በወይራ ዘይት እየጠበሰች «እህ? ባልዶ እንዴት ነው? ዓመቱን ይዘልቀዋል?» አለችው።

ኩዝማ ዳቦውን ቆረሰ። «ድመት ሊገዛ ነው» አላት።